ፍጥነቱ ሳይነገር «ተገኘ» አይባልም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ካሲኒ የኢንሰለደስን ውኃ ቀምሳ ጨውና ፎስፌት አገኘች» የሚል ዓረፍተ ነገር በሳይንስ ዓምዳችሁ አንብበናል። ግኝቱ እውነት ነው፤ ለአማርኛ አንባቢ መድረሱም ያስደስታል። «ቀምሳ» የሚለው ቃል ግን የነገሩን ዋና ክፍል ደብቆታል። ሳተርንን ትዞር በነበረችው መንኮራኩር፣ በካሲኒ ላይ፣ መቅጃም፣ የሙከራ ጠርሙስም አልነበረም። ለዚህ ግኝት የነበረው አንድ የብረት ሰሌዳ ነው። የበረዶ ቅንጣት ከጠመንጃ ጥይት አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት መጥታ ከሰሌዳው ጋር ትጋጫለች፣ ትበታተናለች፤ ከብትንትኑም ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ወይም ቻርጅ የያዘው ብቻ ይለካል። ሙል ያልያዘው፣ እሱም አብዛኛው ክፍል፣ በመሣሪያው ዘንድ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ «ምን ተገኘ?» የሚለውን ጥያቄ «ስትጋጭ ከውስጧ ምኑ ሙል ያዘ?» ከሚለው ነጥሎ መመለስ አይቻልም።

ከመሣሪያው እንጀምር። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ኢንሰለደስ ዲያሜትሯ 504 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ትንሽ የሳተርን ጨረቃ ናት። ከደቡብ ዋልታዋ ስንጥቆች እንፋሎትና በረዶ ወደ ጠፈር እንደሚፈናጠቅ በ2005 ታወቀ። ከሚፈናጠቀው በረዶ ከፊሉ ተመልሶ ይወድቃል፤ ከፊሉ ደግሞ አምልጦ ኢ በሚባለው ሰፊና ስስ ቀለበት ውስጥ ሳተርንን ይዞራል። ካሲኒ ከ2004 ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2017 በዚያ ስትመላለስ የጀርመኑ የሃይድልበርግ ቡድን የሠራውን የአቧራ መተንተኛ ይዛ ነበር። መሐሉ ላይ ዲያሜትሩ 16 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ሮዲየም ከሚባል ብረት የተሠራ ሰሌዳ አለ፤ ዙሪያውን ያለው ሰፊ ሰሌዳ በወርቅ የተለበጠ ነው። የሮዲየሙ ሰሌዳ በ1000 ቮልት አዎንታዊ ሆኖ ይቆያል። ከፊቱ በ3 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ዜሮ ቮልት የሆነ ወንፊት ተዘርግቷል። ግጭቱ የሚያወጣቸውን አዎንታዊ አዮኖች (ሙል የያዙ አተሞችና ሞለኪውሎች) ይህ በአንድ ሚሊሜትር 330 ቮልት የሚያህል የኤሌክትሪክ መስክ ገፍቶ ያስወጣቸዋል፤ ከዚያ 23 ሴንቲሜትር ገደማ በርረው መቁጠሪያው ላይ ያርፋሉ።

የሚለካው የመድረሻ ጊዜ ነው። ሁሉም አዮኖች ከመስኩ የሚያገኙት ጉልበት እኩል ስለሆነ ቀላሉ ቀድሞ፣ ከባዱ ዘግይቶ ይደርሳል። መጠነ ቁሱ 19 የሆነው ሃይድሮኒየም፣ ማለትም አንድ ፕሮቶን የተጨመረበት የውኃ ሞለኪውል፣ በ2.3 ማይክሮ ሰከንድ ግድም ይደርሳል፤ 23 የሆነው ሶዲየም በ2.5፤ 165 የሆነ አዮን ደግሞ በ6.7 ማይክሮ ሰከንድ። «ጨው ተገኘ» ማለት በጊዜ መስመር ላይ በተወሰነ ቦታ ጉብታ ታየ ማለት ነው። ጉብታው ላይ ስም የተጻፈበት የለም።

አሁን ወደ ግጭቱ። በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር የሚበር አንድ የውኃ ሞለኪውል የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 0.09 ኤሌክትሮን ቮልት (የአተምና የሞለኪውል ጉልበት መለኪያ) ነው። ጉልበቱ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ በ5 ኪሎ ሜትር 2.3፣ በ10 ኪሎ ሜትር 9.3፣ በ18 ኪሎ ሜትር 30 ይሆናል። ከዚህ ጋር የሚነጻጸሩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። አንዱን የውኃ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ነጥሎ እንፋሎት ለማድረግ 0.5 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይበቃል። የኦክስጅንና የሃይድሮጅኑን ትስስር ለመበጠስ 5 ያህል ይፈለጋል። ከሞለኪውሉ ላይ ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ደግሞ 12.6። ከሰከንድ 2 ኪሎ ሜትር በታች የምትመጣ ትንሽ የሞለኪውሎች ስብስብ፣ በቤተ ሙከራ ቋንቋ ክላስተር፣ ሙሉ በሙሉ ላትተን ትችላለች። ትጠፈጠፋለች፣ ከፊሏ ይተናል፣ ገጹ ትኩስ ከሆነም የጋለ ምጣድ ላይ እንደተረጨች ጠብታ በራሷ እንፋሎት ላይ ተንሳፋ ትፈናጠራለች። በ5 ኪሎ ሜትር ግን ጉልበቱ ከማትነኛው አራት እጥፍ በላይ ስለሆነ ቅንጣቷ ወደ እንፋሎትና ወደ ትንንሽ ስብስቦች ትፈርሳለች። ኤሌክትሮን ለመንጠቅ ግን ይህም ገና ከአምስት አንድ ያህሉ ነው።

እንግዲህ በ5 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድም አዮን መታየት አልነበረበትም ማለት ነው። ይታያል ግን፤ በብዛትም ይታያል። ብዙ ጽሑፎች «ግጭቱ ኤሌክትሮኖችን ያላቅቃል» ብለው የሚያልፉት እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ግን አባባሉ ስሕተት ነው።

ሙል እንዲለይ የግድ ኤሌክትሮን መነጠቅ አያስፈልግም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት የቆመ ሰው ፊቱን የሚያረጥበው ጉም በአብዛኛው አሉታዊ ሙል ይዟል፤ ትልልቆቹ ጠብታዎች አዎንታዊውን ይዘው ይወርዳሉ። የፊዚክስ ሊቁ ፊሊፕ ሌናርድ ይህን የፏፏቴ ኤሌክትሪክ በ1892 አጥንቶ አሳትሟል። ከ40 ሜትር ገደማ የሚወድቅ ውኃ፣ የአየሩን መቋቋም ብንተወው፣ በሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህም ለአንድ ሞለኪውል 0.00007 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ከኢንሰለደሷ ቅንጣት ከ30 ሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ። ይህ ጉልበት ምንም ነገር አዮን ሊያደርግ አይችልም። ያደረገው መገንጠል ብቻ ነው፤ በውኃው ገጽ አካባቢ ተለይተው የተደረደሩት ነባር አዎንታዊና አሉታዊ አዮኖች ውኃው ሲቀደድ እኩል ሳይካፈሉ ቀሩ።

በረዶዋ ከሰሌዳ ጋር ስትጋጭም መነሻው ይኸው ነው። ዲያሜትሯ 1 ማይክሮ ሜትር የሆነች ንጹሕ የበረዶ ቅንጣት 16 ቢሊዮን ያህል የውኃ ሞለኪውሎች አሏት። በክፍል ሙቀት ያለ ንጹሕ ውኃ ውስጥ በ555 ሚሊዮን ሞለኪውሎች አንድ ሃይድሮኒየም ይገኛል። በዚህ ሒሳብ ቅንጣቷ ቀልጣ ብትታሰብ ውስጧ የሚገኘው ሃይድሮኒየም 29 ብቻ ነው። አሁን እዚያችው ቅንጣት ላይ ከክብደቷ 1 በመቶ የገበታ ጨው እንጨምር፤ ወደ 50 ሚሊዮን ሶዲየምና 50 ሚሊዮን ክሎራይድ ይኖራታል፤ ሁሉም አስቀድሞ አዮን የሆነ። 29 እና 50 ሚሊዮን! የጨዋማዎቹን ቅንጣቶች ስፔክትረም፣ ማለትም የጉብታዎቻቸውን ሥዕል፣ ሶዲየም የሚሞላው፣ ውኃው 99 በመቶ ሆኖ ሳለ የውኃው ምልክት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። የጉብታዎቹን ቁመት እንደ ቅመም መጠን ማንበብ የማይቻለውም ለዚሁ ነው፤ የሶዲየም ጉብታ ከውኃው አሥር እጥፍ ቢረዝም ሶዲየሙ ከውኃው አሥር እጥፍ በዛ ማለት አይደለም።

ንጹሕ የሆነችውስ ከ29 በላይ አዮን እንዴት ትሰጣለች? ሰሌዳውን ስትመታ የፊተኛው ክፍሏ በኋለኛው ተጨፍልቆ ለአጭር ቅጽበት እጅግ ይሞቃል፣ ይታመቃልም። በዚያ ሁኔታ ፕሮቶን ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው መዝለል ይበዛበታል። ለሰጪው አሉታዊ ሃይድሮክሳይድ፣ ለተቀባዩ አዎንታዊ ሃይድሮኒየም መሆን ይደርሰዋል። ከዚያ ሁሉም ይፈነዳል። ከጥንዶቹ አብዛኞቹ ወዲያው ተገናኝተው ይከስማሉ፤ በተለያየ ቁራጭ ላይ የወጡት ጥቂቶች ግን መልሰው መገናኘት አይችሉም። መስኩም ቢሆን ደመናው ጥቅጥቅ እያለ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የውጭዎቹ ሙሎች ይጋርዱታል። የሚሰበስባቸው ደመናው ሰፍቶ ሲሳሳ ነው። ሮዲየሙም ዳር ቆሞ አይመለከትም፤ ኤሌክትሮን ይቀበላል፣ ይሰጣል። ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር አልፎ ሲሄድ ደግሞ እውነተኛ ፕላዝማ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ የተላቀቁበት ትኩስ ጋዝ፣ ይመጣል፤ ያኔ ኤሌክትሮን መንጠቅ የሚለው አባባል ትክክል ይሆናል።

ይህ ልዩነት በስፔክትረሙ ላይ በዓይን ይታያል። በዝቅተኛ ፍጥነት 19፣ 37፣ 55፣ 73፣ 91 እያለ በ18 የሚወጣ መሰላል ይወጣል፤ ሃይድሮኒየም ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የውኃ ሞለኪውል እየተለጠፈ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር መሰላሉ ከላይ እየተሰበረ ያጥራል። ከዚያም 1 ላይ ባዶ ፕሮቶን፣ 16 ላይ ኦክስጅን፣ 103 ላይ ደግሞ ራሱ ሰሌዳው፣ ሮዲየም፣ ብቅ ይላሉ። የተለማመደ ዓይን መሰላሉን አይቶ ፍጥነቱን በግምት ይናገራል። በአንጻሩ ጠቅላላውን የሙል መጠን ብቻ አይቶ ስለ ቅንጣቷ ክብደት መናገር አደገኛ ነው። የሙሉ መጠን ከክብደቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከፍጥነቱ ጋር ግን በግምት በ3.5ኛ ኃይል ያድጋልና፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሙል መጠኑ አሥራ አንድ እጥፍ ይሆናል። ትልቅ ዝግተኛና ትንሽ ፈጣን ቅንጣት አንድ ዓይነት ምት ሊሰጡ ይችላሉ። የአቧራ መተንተኛው ይህን የሚለየው ምቱ ወደ ላይ ለመውጣት የወሰደበትን ጊዜ ጭምር በመለካት ነው።

ሌላው ችግር ቆሻሻ ነው። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለመልቀቅ የሚፈልገው 5.1 ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ፖታሲየም 4.3። ሁለቱም ብረት ላይ በጣቱ የነካ ሰው ላብ እንኳን የሚተዋቸው ናቸው። ሰሌዳው ላይ የቀረ ጥቂት አተም ማንኛዋም ቅንጣት ስትመታው 23 ወይም 39 ላይ ጉብታ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ 23 ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በጽሑፋችሁ ሥዕል ላይ «ጨው» ተብሎ የተሰመረበት ጉብታ 23 ላይ ያለው ነው፤ መሰመር የነበረበት ግን 63 እና 81 ነበር። 63 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሶዲየም አዮን ይዞ ሲሆን፣ 81 የገበታ ጨው ሶዲየም አዮን ይዞ ነው። 81 ላይ ጨው ከሆነ 83 ላይ ሢሶውን የሚያህል ጭማሪ መታየት አለበት፤ ክሎሪን መጠነ ቁሳቸው 35 እና 37 የሆነ ሁለት ዓይነት አተሞች (አይሶቶፖች) አሉትና። 129 ላይ ደግሞ ሶዲየም ካርቦኔት ይመጣል። እንዲህ ያሉ የጨው ስብስቦች የሚወጡት ቅንጣቷ ራሷ በጨው ስትሞላ ነው። ከክብደታቸው ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ጨው የያዙት ቅንጣቶች ከፈሳሽ ውኃ ፍንጣሪ የቀዘቀዙ ናቸው የተባለውም በዚህ መሠረት ነው። እንፋሎት ጨው ተሸክሞ አይወጣም።

ፎስፌቱም የተነበበው እንዲሁ ነው። 165 እና 187 ላይ ያሉት ጉብታዎች ሁለት ዓይነት የሶዲየም ፎስፌት እያንዳንዳቸው አንድ ሶዲየም አዮን ጨምረው ነው። በ2023 የታተመው ሥራ ያገኛቸው በዘጠኝ የበረዶ ቅንጣቶች ሲሆን፣ እነሱም የተያዙት ኢ ቀለበት ውስጥ ነው። «ፍንጥቁን ሰንጥቃ ስታልፍ» የሚለው አገላለጻችሁ እዚህ ላይ ይታረም።

ሰሌዳ ላይ ያለቀን ነገር በምድር ላይ ማረጋገጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የአቧራ ማስወንጨፊያዎች ቅንጣቷን በኤሌክትሪክ ሞልተው በ2 ሚሊዮን ቮልት ያስወነጭፏታል፤ ይህ ለብረት ይሠራል። በረዶ ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ አየር በሌለበት ቦታ (በቫኪዩም) ውስጥም ይተናል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ማስወንጨፉ አስቸጋሪ ነው። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መላ ግጭቱን ሳይሆን የግጭቱን ውጤት መሥራት ነው። ውፍረቱ ከ15 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር የሆነ የውኃ ክር በቫኪዩም ውስጥ ይለቀቃል። የሞገድ ርዝመቱ 2.8 ማይክሮ ሜትር አካባቢ የሆነ የኢንፍራሬድ ሌዘር ለጥቂት ናኖ ሰከንድ ይመታዋል። ይህ ሞገድ የተመረጠው የውኃው ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ትስስር በደንብ ስለሚውጠው ነው። ክሩ ይፈነዳል፤ ነባር አዮኖቹም ከነስብስባቸው ይወጣሉ። ከዚያ አዮኖቹን ወደ መለኪያው የሚገፋው መስክ የሚበራበት መዘግየትና የሌዘሩ ብርታት ይስተካከላሉ፤ አንዱ አቀማመጥ የ5፣ ሌላው የ12 ኪሎ ሜትር ግጭት የሚሰጠውን ዓይነት ስፔክትረም ያወጣል። ፎስፌቱን ለመለየት የተደረገው ጨዎቹን በታወቀ መጠን በውኃ አሟሙቶ 165ና 187 ላይ ያሉት ጉብታዎች እንደ ጠፈሩ እስኪወጡ ድረስ ማነጻጸር ነበር። ይህ ካልተሠራ በቀር ጉብታው ቁጥር ብቻ ነው።

ግጭት ያልነበረ ነገር ሊፈጥርም ይችላል፤ የአንባቢ ጥርጣሬ የሚያስፈልገውም እዚህ ነው። ካሲኒ ላይ የነበረው ሌላው መሣሪያ፣ የጋዝ መመዘኛው፣ ጋዙን የሚቀበለው በቲታኒየም ጓዳ ነበር። መንኮራኩሯ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ባለፈችባቸው ጊዜያት የበረዶ ቅንጣቶች የጓዳውን ግድግዳ እየፋቁ ገና ያልተነካ አዲስ ቲታኒየም ያጋልጡ ነበር። እንዲህ ያለ ቲታኒየም ከውኃ ኦክስጅኑን ነጥቆ ሃይድሮጅኑን ይለቃል። ስለዚህ የሚለካው ሃይድሮጅን ከጨረቃዋ ይሁን ከግድግዳው መለየት አልተቻለም። መፍትሔው ኦክቶበር 28 ቀን 2015 በተደረገው በረራ ተሞከረ። በ49 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በሰከንድ 8.5 ኪሎ ሜትር፣ ሞለኪውሎቹ ግድግዳ ሳይነኩ በቀጥታ በሚገቡበት በሌላው ቀዳዳ። በ2017 የታተመው ከ0.4 እስከ 1.4 በመቶ የሚሆን ሃይድሮጅን ከዚያ የመጣ ነው። ያንን ቁጥር እናምነዋለን፤ ምክንያቱም ግጭቱ ከመንገዱ እንዲወጣ ተደርጓል።

ይህ ፊዚክስ ለሳተርን ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። በምድር ላይ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ስብስቦች ገጽ ላይ የተቀመጠን ፕሮቲን ሳይሰብሩ ለማንሣት ያገለግላሉ። ጥቂት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከብዙ ሂሊየም ጋር በግፊት ይቀላቀልና በጠባብ ቀዳዳ ወደ ቫኪዩም ይለቀቃል። ጋዙ ሲሰፋ በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ከሺህ እስከ መቶ ሺህ እየሆኑ ይቋጠራሉ፤ በሰከንድ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማም ይበርራሉ። በአንድ ሞለኪውል 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ማለት ነው፤ ስብስቡን ለመበታተን በቂ፣ የፕሮቲኑን ትስስር ለመበጠስ ግን የማይበቃ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የተመረጠው ሞለኪውሉ ጠንካራ ዋልታዎች ስላሉት ነው፤ ፕሮቲኑን በግጭቱ ቅጽበት ከብቦ ያሟሟዋል፣ አዮኑም ተሸፍኖ ይነሣል። ስብስቡ ራሱ ገለልተኛ፣ ማለትም ሙል የሌለው፣ መሆኑን ልብ በሉ፤ ሙል የሚለየው ፕሮቲኑ ሲነሣ ነው። የጋዙ ግፊት ሲወርድ ስብስቦቹ ያንሳሉ፤ ፕሮቲኑን የሚከብብበት በቂ ሞለኪውል ይጠፋና ምልክቱ ይከስማል። ገለልተኛ ስብስብ በቀስታ ተጋጭቶ አዮን ማስነሣቱ ኢንሰለደስ ላይ የምንለውን ከሌላ አቅጣጫ ይደግፋል።

ወደ ፊት የሚመጣው ዜና ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኦክቶበር 14 ቀን 2024 የተወነጨፈችው መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ጁፒተር ትደርሳለች፤ በጁፒተር ጨረቃ በዩሮፓም አጠገብ 49 ጊዜ ታልፋለች ተብሎ ታቅዷል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የተሠራው የአቧራ መተንተኛዋ ከካሲኒው የሚለየው አሉታዊ አዮኖችንም መለካቱ ነው። ካሲኒ አዎንታዊውን ብቻ ስታይ ክሎራይድ በራሱ አይታይም ነበር፤ የሚታወቀው ሶዲየም ተሸክሞት ሲመጣ ብቻ ነው። ሰልፌትና የስብ አሲዶችም በአሉታዊው በኩል ይሻላሉ። ግጭቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ በአንድ የውኃ ሞለኪውል ከ1.5 እስከ 2.3 ኤሌክትሮን ቮልት። ትልልቅ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ሳይፈርሱ እንዲነሡ ይህ የተሻለ ነው፤ በ15 ኪሎ ሜትር ይኸው ሞለኪውል ስብርባሪ ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር፣ ዜናውም «አልተገኘም» ይሆን ነበር።

ስለዚህ ያኔ ለምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ ከግኝቱ ጎን ሦስት ነገሮች እንዲታተሙ እንጠይቃለን። የግጭቱ ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰከንድ፤ ጉብታው የታየው በአዎንታዊው ነው ወይስ በአሉታዊው አዮን፤ እና በቤተ ሙከራ በውኃ ከሟሟ ከምን ነገር ጋር፣ በምን መጠን እንደተነጻጸረ። ሦስቱም በአንድ መስመር ይገባሉ። ባለፈው ጽሑፍ ላይ ያለው የሥዕሉ ምልክትም ከ23 ወደ 63 እና 81 ቢዛወር፣ የፎስፌቱ ቅንጣቶች የተያዙበት ቦታም «ኢ ቀለበት» ተብሎ በዚያው ዓምድ ቢታረም እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ቋሚ አንባቢዎች፣ አዲስ አበባ